ሲስተር የሺእመቤትና በፍቅር የሞቱት ሰዎች

ሲስተር የሺእመቤት ያረፉ ዕለት ባለቤታቸው ጋሽ ደምሴ ከአንኮበር ደወሉልኝ። መጀመሪያ የነገሩኝ በሽታውን ነው።

«ልብ ነው» አሉኝ። «ራሷ ናት የለየችው። ‹ደምሴ፣ ይሄ ልብ ነው፤ ጨጓራ ነው የሚልህ ሰው ቢመጣ እንዳትሰማው› አለችኝ።» ማልቀስ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔም ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አልቅሼ ሳልጨርስ ደግሞ ሳቅ መጣብኝ። ሲስተር እንዲህ ነበሩ፤ እየሞቱ እንኳ የምርመራውን ውጤት ለሌላ ሰው አሳልፈው አይሰጡም።

ያወቅኋቸው ከለሚ መጥቼ ደብረ ብርሃን መድኃኒት ቤት የተቀጠርኩ ሰሞን ነው። ያኔ ጡረታ ወጥተው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከጋቢያቸው ሥር የነርስ ሰማያዊ ሹራባቸውን የማያወልቁ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን በግሉኮስ ቱቦ አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። የከተማውን ግማሽ ሕዝብ በልጅነቱ መርፌ ወግተውታል መሰለኝ፣ ትልልቅ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ሳያውቁት እጃቸውን ወደ ኋላ ኪሳቸው ይልካሉ።

ያኔ ባል አላገቡም ነበር። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ያገኛል። «የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። እኔ ስነቃ ወንዱ ሁሉ ተኝቷል።»

ከምሳ በኋላ መድኃኒት ቤታችን በር ላይ ያለችው ፕላስቲክ ወንበር የሳቸው ናት። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ያቺ ወንበር ለምን እንደምትፈለግ ይገባዋል፤ የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ሌላም ምክንያት ነበራቸው። በረንዳችን ላይ ጋሽ ደምሴ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ልብ ወለድ ይሸጣሉ፣ ያከራያሉ። ጋሽ ደምሴ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ አንዲት ልጃቸውን አረርቲ የዳሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። የፍቅር መጽሐፍ ሲያነቡ እንባቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ይጠርጋሉ። ያቺ ካፖርት ከትከሻቸው የምትወርደው ፋሲካን ለማክበር ብቻ ነበር።

ሲስተር መጽሐፉን ተከራይተው ይወስዳሉ፤ ሲመልሱ ግን ደራሲው ጋሽ ደምሴ የሆኑ ይመስል ፊት ለፊት ቆመው ነው የሚወቅሷቸው።

የመጀመሪያውን ወቀሳ አልረሳውም። መጽሐፉ የአንዲት የነጋዴ ልጅ ታሪክ ነው። ፍቅረኛዋ ውጭ አገር ይሄድባታል። እሷም ምግብ እምቢ ትላለች፣ ታተኩሳለች፣ ትቃዣለች። በመጨረሻ እሱ በተመለሰባት ቀን አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ክንዱ ላይ ትሞታለች። በከተማው ያላለቀሰላት አንባቢ የለም። ሲስተር መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«አቶ ደምሴ፣ ይህች ልጅ በምን ሞተች?»

«በፍቅር ነዋ ሲስተር» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ዓይናቸው እንደገና እየረጠበ።

«በፍቅር! ሳምንታት ሙሉ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም፣ መቃዠት። ታይፎይድ ነው! እናቷ ጠበል ወሰደቻት፣ አባቷ ሌላ ባል አመጣላት፣ ደራሲው ደግሞ ግጥም ጻፈላት። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ላቦራቶሪ የወሰዳት አንድ እንኳ ይጥፋ?»

«ልቧ ተሰብሮ ነው እኮ…»

«ልብ አይሰበርም። አጥንት የለውም። በፍቅር የሚሞት ሰው የለም አቶ ደምሴ፤ በፍቅር እየተሳበበ በታይፎይድ የሚሞት ነው ያለው።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከተፈናቃዮች መጠለያ ለልጇ ሽሮፕ ልትወስድ የመጣች አንዲት እናት ግን መድኃኒቷን ከተቀበለች በኋላም አልሄደችም። «ቆይ ሲስተር፣ ሰውየውስ ኋላ ምን ሆነ?» አለች። ሲስተር ተቀምጠው ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረኩላት። እንደ ሲስተር አድርጎ መጽሐፍ የሚናገር ሰው ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም። ባለታሪኩ ሲቆጣ ይቆጣሉ፣ ሲያነክስ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያነክሳሉ። መሐል ላይ ደግሞ ቆም ብለው «እዚህ ጋ የቴታነስ መርፌ መውሰድ ነበረበት» ይላሉ።

የወንጀል መጽሐፍ ሲሆን ይብስባቸዋል። አንድ መርማሪ ደረቱን በጥይት ተመትቶ አጥር ዘልሎ፣ ወንበዴውን አሳድዶ ያዘና እላዩ ላይ ቆሞ ረጅም ንግግር አደረገ። «ሳንባው ተበስቶ በየት በኩል ነው የሚናገረው?» ብለው ሙሉ ከሰዓት ሲናደዱ ዋሉ። ሌላ ደራሲ ደግሞ ሁለት ፍቅረኛሞችን አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ አስቀምጦ በአፋር ሜዳ ላይ የምትጠልቅ ፀሐይ አሳያቸው። ሲስተር አንኮበር ተወልደው ያደጉ ናቸው። «ፀሐይ በዚያ በኩል ትወጣለች እንጂ መች ጠልቃ ታውቃለች! ሰውየው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ፀሐያችንን ገለበጣት!» እያሉ መንገደኛውን ሁሉ ምስክር ይቆጥሩ ነበር።

የሚፈሩት መጽሐፍ አልነበረም ብዬ ግን አልዋሽም። አንድ ጊዜ ጋሽ ደምሴ የመንፈስ ታሪክ አከራዩአቸው። በማግሥቱ ገና መድኃኒት ቤቱን ስከፍት መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልለው፣ ሽፋኑን ወደ ታች ደፍተው መጡ።

«ውሰዱልኝ። ቤቴ አላሳድረውም።»

«ሲስተር፣ በመንፈስ ያምናሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«አላምንም» አሉ። «እሱ ግን አለማመኔን በምን ያውቃል?»

ፖሊስ የመጣብን ቀንማ ለብቻው ነው። ሲስተር ወንበራቸው ላይ ሆነው አዲስ ያነበቡትን እየነገሩኝ ነበር። ድምፃቸው የሕሙማን ክፍል ድምፅ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። «ባሏን በሻይ ነው የምትገድለው» አሉ። «ግን በዚያ መጠን ባል አይሞትም። ተቅማጥ ነው የሚይዘው። እንዲሞትልሽ ከፈለግሽ…» ወረፋ ላይ የነበረች አንዲት ሴትዮ ማዘዣዋን ሳትሰጠኝ ቀስ ብላ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ወጣች። ልብ አላልናትም።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ወጣት ፖሊስ በሩን ሞልቶ ቆመ።

«ባል ልትገድሉ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አለ።

ሲስተር መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት። «የትኛውን ባል?»

ፖሊሱ ደነገጠ። «ስንት ባል አለ?»

«ሁለት። የመጀመሪያውን ገደል ነው የሰደደችው። እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም፤ ገደል ይገድላል። የሁለተኛው ነው ያላመንኩት።»

የፖሊሱ እጅ ወደ ሬዲዮኑ ሲሄድ ጋሽ ደምሴ መጽሐፉን ከፍተው እየሮጡ ገቡ። «ልብ ወለድ ነው ጌታዬ! ልብ ወለድ ነው! ገጹ ይኸውልህ!» ልጁ ተቀብሎ ቆሞ አነበበ። ገለጠ። አሁንም ገለጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መጨረሻ ላይ ትያዛለች?» አለ።

«እሱን ተከራይተህ አንብብ» አሉት ሲስተር።

ተከራየ። ከዚያ በኋላ የጋሽ ደምሴ ቋሚ ደንበኛ ሆነ፤ የመጽሐፍ ወንበዴዎች ላይ ከሲስተር ጋር እየተሟገተ ሻይ ይጋብዛቸው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ኅዳር ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ውርጩ መስኩን ነጭ ያለብሰዋል። ጋሽ ደምሴ ያመማቸው ይመስል ነበር፤ የወንጀል መጽሐፍ ለጠየቀ የፍቅር ይሰጣሉ፣ ምሳቸውን ሳይነኩ ይመልሳሉ። ስጠይቃቸው «ብርዱ ነው» ይሉኛል። አንድ ቀን ከሰዓት ሲስተር መጽሐፍ ሊመልሱ መጡና እንደ ልማዳቸው ወቀሳቸውን ጀመሩ። ጋሽ ደምሴ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው ሲያዩዋቸው ቆዩ። ፊታቸው ቀልቷል፣ ዓይናቸው ያበራል።

«የሺ» አሉ።

ሲስተርን «የሺ» ብሎ የጠራ ሰው ከናታቸው ወዲህ ያለ አይመስለኝም። ጋሽ ደምሴ ደግሞ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ብለው እንጂ ሌላ አያውቁም።

«የሺ፣ አንቺን ሳላይ ከዋልኩ ቀኑ አይመሽልኝም። እወድሻለሁ።»

ሲስተር እጃቸውን ዘርግተው የጋሽ ደምሴን ግንባር ነኩ።

«ስንት ቀን ሆነዎት?»

«ካወቅሁሽ ጀምሮ ነው የሺ…»

«ትኩሳቱን ነው የምጠይቅዎ!» ብለው ጮኹ። ወዲያው ወደኔ ዞረው «ባጃጅ ጥሪ! ቶሎ በይ! ይሄ ሰውዬ እየነደደ ነው!»

ሆስፒታል ስንደርስ ጋሽ ደምሴ እግራቸው አልሸከም ብሏቸው ነበር። ሲስተር ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመው «ታይፎይድ ባይሆን ከአንገቴ!» እያሉ የሚሠራውን ልጅ መድረሻ አሳጡት። ውጤቱ ወጣ። ታይፈስ ነው፤ የድሮ ሰው ተስቦ የሚለው። ሲስተር ወረቀቱን ነጥቀው ሁለት ጊዜ አነበቡት። በአንድ ቃል ጭራ የተሸነፈ ሰው ፊት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሐኪሙ በሽታው በቅማል እንደሚተላለፍ ሲያስረዳ፣ ከዚያ ሁሉ ትኩሳት ውስጥ ሆነው ጋሽ ደምሴ ሰሙት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ፍቅሬን በነገርኳት ቀን ቅማል ተገኘብኝ» ሲሉ እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት። ሲስተር ካፖርቷን ወስደው በፈላ ውሃ ቀቀሏት። ከዚያ ስትወጣ ለአንድ የአሥር ዓመት ልጅ እንኳ የምትሆን አልነበረችም።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ሐኪሙ ለብቻችን ጠርቶ ዘግይተው እንደመጡ፣ ልባቸውም እንደደከመ ነገረን። ልጃቸው ከአረርቲ እየጮኸች መጣች። ጋሽ ደምሴ ሰው መለየት ትተው፣ መናገርም ትተው ተኙ። ሲስተር ከአልጋቸው አጠገብ አልተነሡም። ነርሶቹ የሳቸው ተማሪዎች ስለነበሩ ማንም ውጡ ሊላቸው አልደፈረም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሾርባ ይዤ ስገባ ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ያነባሉ። ቀረብ ስል የያዙት ያንን የነጋዴውን ልጅ መጽሐፍ ነው። ያለ ምንም ወቀሳ፣ ያለ ምንም ምርመራ ያነባሉ። ልጅቷ ስታለቅስ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ሾርባውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። መጨረሻው ምዕራፍ ደረሱ። ልጅቷ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ወደቀች። ሲስተር ገጹን ሳይገልጡ፣ በዚያው በማንበቢያ ድምፃቸው ቀጠሉ።

«‹ያን ጊዜ ፍቅረኛዋ ታክሲ ጠርቶ ወደ ሆስፒታል ወሰዳት። ደሟ ተመረመረ። መድኃኒት ታዘዘላት። በሳምንቱ ዳነች፤ ምግብም በላች።›»

ከአልጋው ላይ ደከም ያለ ድምፅ መጣ።

«ሲስተር… እንደዚያ አይልም።»

ከግርጌ የተቀመጠችው ልጃቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሲስተር ቀና አላሉም። መነጽራቸውን ግን አውልቀው በሹራባቸው ጠረጉ።

«ይላል» አሉ። «ዝም ብለው ያዳምጡ።»

ጋሽ ደምሴ ዳኑ። ከገና በኋላ ከስተው፣ አዲስ ካፖርት ለብሰው በረንዳችን ላይ ጠረጴዛቸውን ዘረጉ። ስለዚያች ቀን ግን አንዲት ቃል አይተነፍሱም። «ሲስተር፣ እንደምን ዋሉ?» ይላሉ መሬት መሬት እያዩ። እንደ ድሮው «እርስዎ» ሆነዋል። ሲስተርም ወቀሳቸውን ቀጠሉ፤ ቢሆንም ወቀሳው ጨው አጣ። አንድ ሰው አሥራ ሁለት ጊዜ የተተኮሰበት መጽሐፍ አንብበው «ደህና ነው» ብለው መለሱ። እኔ ያን ጊዜ በእውነት ታመሙ ብዬ ሰጋሁ።

በዚህ ሁኔታ ሰንብተው አንድ ቀን ሲስተር ገብተው በቀጥታ ወደ ባንኮኒው መጡ። «ቴርሞሜትር ስጪኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። ወደ በረንዳው ወጡ። ወረፋ የያዘው ሰው አንድ በአንድ ተከተላቸው፤ እኔም ባንኮኒውን ጥዬ ወጣሁ።

«አቶ ደምሴ፣ ክንድዎን ያንሡ።»

«አላመመኝም እኮ ሲስተር…»

«ያንሡ አልኩ።»

አነሡ። ቴርሞሜትሩን ብብታቸው ሥር ሰክተው እስኪጮኽ ጠበቁ። አውጥተው ወደ ፀሐዩ አዙረው አነበቡት።

«ትኩሳት የለም» አሉ፣ ለሕዝቡ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። «መቃዠት የለም። አእምሮ ደህና ነው። እንግዲህ የዚያን ቀን ያሉኝን ነገር አሁን ይናገሩ።»

ጋሽ ደምሴ ከአንገታቸው እስከ ጆሯቸው ቀሉ። መጽሐፎቻቸውን አስተካከሉ። የተስተካከለውን መልሰው አስተካከሉ። አንዲት ወረፋ ላይ የነበረች ሴት ትዕግሥቷ አልቆ «ይንገሯቸው እንጂ ጋሼ፣ ልጄ ቤት ብቻውን ነው!» አለች።

«እኔ…» አሉ ጋሽ ደምሴ። «አዲስ አበባ ሄጄ መጽሐፍ ስመርጥ ሰው የሚወደውን አይደለም የማመጣው። እርስዎን የሚያናድድዎትን ነው። ከአከፋፋዩ ዘንድ ቆሜ አነባለሁ፤ ‹እዚህ ጋ ሲስተር ይጮኻሉ› ያልኩትን እገዛለሁ። ካልተናደዱ አይመጡማ።»

ሲስተር ቴርሞሜትሩን ኪሳቸው ከተቱ። «ያን የአንኮበርን ፀሐይ የገለበጠውንም?»

«እሱንማ ሁለት ቅጂ ነው ያመጣሁት። አንዱን ቀደው ይጥሉታል ብዬ።»

ሲስተር ወደኔ ዞሩ። «የግፊት መለኪያውን አምጪ» አሉኝ። አመጣሁ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ለካኋቸው። ከፍ ብሎ የወጣውን ቁጥር ሳሳያቸው አዩት፤ ከዚያ ጋሽ ደምሴን አዩ።

«ይሄ መሣሪያችሁ ተበላሽቷል» አሉኝ። ለጋሽ ደምሴ ደግሞ፦ «በትኩሳቱ ጊዜ አንቺ ነበር ያልከኝ። ለምን ወደ እርስዎ ተመለስክ?»

በረንዳው በእልልታ ተናወጠ። ያ ፖሊስ ሳይቀር ደረሰ፤ ጩኸቱን ሰምቶ ሰው የተገደለ መስሎት ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። ሲስተር አባታቸው በተዉላቸው ቦታ ላይ ያለችውን ቤት አሳድሰው ወደ አንኮበር ወጡ። ጋሽ ደምሴ በገበያ ቀን መጽሐፍ ያከራያሉ። ሲስተር ደግሞ የጎረቤቱን ግፊት በነፃ ይለካሉ፤ ለመለካት የመጣ ሰው ግን ልብ ወለድ ሳይሰማ አይመለስም። አልፎ አልፎ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ጠዋት በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ በአፋር ሜዳ በኩል ስትወጣ አብረው ያያሉ። ሲከራከሩ ድምፃቸው ከታች ከመንገዱ ይሰማል። እንደነሱ ደስ ብሎት የሚከራከር ባልና ሚስት አላየሁም። ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው የኖሩት፤ ጋሽ ደምሴ ግን «ብዙ ነው» ይላሉ።

የሲስተርን ሞት በሰማሁ ማግሥት አንኮበር ወጣሁ። ቀብሩ ላይ አገር ምድሩ ነበር። ጋሽ ደምሴ አላለቀሱም፤ እንጨት ሆነው ተቀመጡ። እህል አልቀምስ አሉ። ልጃቸው ብትለምን፣ ካህኑ ቢመክሩ፣ እኔ ብቆጣ ሰሃኑን ገፋ አደረጉት። በሣልስቱ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ በአንድ ጥግ ካርታ ይዘዋል፣ ሴቶቹ በሌላው ጥግ ተሰብስበው ይንሾካሾካሉ። አንዲት እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ጎረቤት ጠጋ አሉኝ። ብዙ ያረጁ፣ ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው የለበሱ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ አንቺ ለሷ እንደ ልጅ ነሽ አሉ፤ ደፍሬ ልጠይቅሽ» አሉኝ በጆሮዬ። «ያቺን ሀብታሟን ሴትዮ ማን ገደላት?»

«የትኛዋን ሴትዮ እማማ?»

«የመጽሐፏን ነዋ! ሲስተር ጀምራልን ነበር። ሐኪሙ ይሁን ወንድሟ ሳንለይ ሄደችብን። ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እኮ እንቅልፍ አልወስደን አለ።»

ከኋላቸው ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል። ምን ልበል? እያፈርኩ ወደ ጋሽ ደምሴ ሄጄ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ዞረው አዩኝ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡና መጽሐፉን ይዘው መጡ፤ ሲስተር እስካነበቡበት ድረስ ጠርዙ ታጥፏል።

«አንብቢላቸው» አሉኝ።

አነበብኩ። መጀመሪያ ለሴቶቹ ብቻ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ካርታው ቆመ። ካህኑም ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። ሻዩን የሚያድሉት ትሪውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ገዳዩ ሐኪሙም ወንድሟም አልነበረም፤ ጠበቃው ነበር። «እኔ እኮ ብዬ ነበር!» አለ፣ ታሪኩን ከግማሽ ጀምሮ ብቻ የሰማ አንድ ሰው ከካርታው ጥግ። መጽሐፉን ዘጋሁት።

ማንም አልተነሣም። እማማ ጥሩነሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሌላ የለም?» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ቀና አሉ። የሁላችንን ፊት አንድ በአንድ አዩ። «አለ» አሉ። «አለ እንጂ፤ ቤቱ ሙሉ ነው።» ልጃቸው ያቀረበችላቸውን ምግብ ከፊታቸው ሳብ አድርገው አንድ ጉርሻ ጎረሱ። ቀጥለውም እያኘኩ ጠየቁ።

«የፍቅር ላምጣ ወይስ የወንጀል?»

ድንኳኑ ለሁለት ተከፈለ።